የማይታየው ስፌት፤ የብየዳና የብየዳ ምርመራ ታሪክ ከቱም ሲታይ

ሁለት ብረቶችን አጋጥሞ አንድ ማድረግ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። አንድ ሆኑ የተባሉት ብረቶች በእርግጥ አንድ መሆናቸውን ማወቅ ግን ከዚህ ጥበብ እጅግ ዘግይቶ የመጣ፣ ዛሬም ቢሆን በየስፍራው እኩል ያልተዳረሰ ዕውቀት ነው። የብየዳ ታሪክ በተለምዶ የሚተረከው በእሳቱና በመሣሪያው ነው፤ ማን በየትኛው ዓመት ምን ዓይነት ነበልባል ወይም የኤሌክትሪክ አርክ እንደ ፈለሰፈ እየተቈጠረ ይነገራል። ይህ አተራረክ ስሕተት ባይኖርበትም ጎደሎ ነው። ብየዳን ከሌላው የብረት ሥራ የሚለየው ዋና ነገር ጥራቱ በውስጡ የተሸሸገ መሆኑ ነውና። ብሎን ቢላላ ይታያል፤ ሪቬት ቢነቀል ቀዳዳው ይመሰክራል፤ ውጩ ያማረ የብየዳ ስፌት ግን ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ታሪክ ከቱም ተነሥቶ መተረክ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ቱም ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሲኬድ በማጂ ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ከተማ አይደለችም። ይሁን እንጂ በእርስዋና በአካባቢዋ ብረት የማጋጠም ዘመናት ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተገናኝተዋል። ከድንጋይ ብረት ማውጣትን የሚያውቁ ሰዎች ከኦሞ ማዶ ገና በሕይወት ሳሉ በቱም ሜዳ ላይ አውሮፕላን ያርፍ ነበር። አውሮፓ በሦስት ሺህ ዓመት የተጓዘችውን መንገድ እዚህ አባትና ልጅ ተካፍለው አይተውታል። ስለዚህም ጥያቄያችንን፣ ማለትም የማይታየውን የስፌት ውስጥ ሰዎች በየዘመናቸው እንዴት ለማወቅ እንደ ሞከሩ፣ ከዚያ ቢጀምሩት የተሻለ ይገለጻል።

ከኦሞ ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው ተራራማ አገር የሚኖሩት ዲሜዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብረት ያዘለውን ድንጋይ በከሰል እሳት በሸክላ ምድጃ እያነደዱ፣ በወናፍ እየነፉ ብረት የሚያወጡ ሕዝብ ነበሩ። ጎረቤቶቻቸውም ለእርሻ መሣሪያቸውና ለጦራቸው የዲሜን ብረት ይሹ ነበር። ከእንዲህ ያለው ምድጃ የሚገኘው ብረት እንደ ውሃ የቀለጠ አይደለም፤ የምድጃው ሙቀት ንጹሕ ብረት ወደሚቀልጥበት ወደ 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደርስምና። የሚወጣው እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ፣ የብረት አር የተቀላቀለበት ጓል ነው። ቀጥቃጩ ይህን ጓል ደጋግሞ እያጋለ በመዶሻ ሲመታው አሩ እየቀለጠ ይወጣል፤ ተለያይተው የነበሩት የብረት ቅንጣቶችም እርስ በርሳቸው ይዋሐዳሉ። እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚያየው ሰው ይህ ራሱ ብየዳ ነው። የዲሜ ብረት አስቀድሞ ተገኝቶ ኋላ የሚበየድ አልነበረም፤ በብየዳ የሚወለድ ነበር። በብዙ የኢንጂነሪንግ መማሪያ መጻሕፍት ብየዳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ ተደርጎ መጻፉ ይህን ሐቅ ይዘነጋል።

ቀጥቃጭ ሁለት የብረት ጫፎችን ለማጋጠም ሲፈልግም የሚከተለው ሥርዓት በዓለም ሁሉ ተመሳሳይ ነው። ጫፎቹን እስከ 1200 ወይም 1300 ዲግሪ፣ ማለትም ቀለማቸው ከቢጫ ወደ ነጭ እስኪያልፍ ድረስ ያግላል፤ ጥሩ አሸዋ ይነሰንስባቸዋል፤ አሸዋውም በብረቱ ገጽ ላይ ካለው ዝገት ጋር ተዋሕዶ ይቀልጣል፤ ከዚያ በመስፍ ላይ አጋጥሞ ከመካከል ወደ ዳር ይመታቸዋል፤ የቀለጠው ዝገት ተፈናጥሮ እንዲወጣ ነው። ሙቀቱ ካነሰ አይያያዝም፤ ከበዛ ብረቱ ብልጭታ እየረጨ ይቃጠላል። ቴርሞሜትር በሌለበት ይህን የሚለየው የቀጥቃጩ ዐይን ብቻ ነው።

ምርመራውስ? የቀጥቃጭ ምርመራ ሦስት ነበር፤ ዐይን፣ ጆሮና ጕልበት። የበረደውን ሥራ በመስፍ ላይ ሲጥለው ድምፁ የጠራ ከሆነ ደኅና ነው፤ የሰነፈና የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ አልተያያዘም። ይህ ተራ ልማድ እንዳይመስለን፤ የዓለም የባቡር ድርጅቶች ሁሉ መንኰራኵርን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሠራተኞች ነበሯቸው። ከዚህ በላይ ግን ቀጥቃጩን የሚያስጠነቅቀው ሌላ ነገር ነበር። የሠራለት ሰው ጎረቤቱ ነው። ዶማው ከአንገቱ ቢቀነጠስ ባለቤቱ በማግሥቱ ከደጁ ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ መራራ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። በደጋውም ሆነ በደቡብ ምዕራቡ ሕዝቦች ዘንድ ብረት ሠሪ የተናቀ ነበር፤ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ተለይቶ ይኖር ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ይህ ንቀት ሠሪውን ከመጉዳቱ ሌላ ጥበቡንም ጐድቶታል። ደረጃ ማለት የብዙ ሠሪዎች ልምድ በግልጽ ተነጋግሮ፣ ተመዝኖ፣ ተጽፎ የሚገኝ ስምምነት ነው። የተናቀ ሙያ ግን በቤተሰብ ውስጥ በጆሮ ብቻ ይተላለፋል፤ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው አይሻገርም፤ አንዱ የደረሰበትን ሌላው አያርመውም። በዲሜ ምድጃ ዙሪያ የነበረው ዕውቀት ከውጭ በመጣው ርካሽ ብረት ፊት ሲከስም አንዳች መዝገብ ሳይተው የሄደው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የቱም ሁለተኛው ዘመን በአየር መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ የተጠቀመው ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተሠሩት ዳግላስ ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበር። መንገድ ባልነበረበት ዘመን ጅማን፣ ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን የመሰሉ ቦታዎች ከመናገሻው ጋር የተገናኙት በሣርና በአፈር ሜዳዎች በኩል ነው፤ ቱምም ከጊዜ በኋላ ከአየር መንገዱ የአገር ውስጥ ማረፊያዎች አንዷ ሆነች። ለእንዲህ ያለው ሜዳ ዓይነተኛ ማመላለሻ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ይኸው ዳግላስ ነው።

ዳግላስን ለብየዳ ታሪክ ትልቅ አስተማሪ የሚያደርገው አብዛኛው አካሉ አለመበየዱ ነው። ቀፎውና ክንፉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ላሜራ በሪቬት የተሰፉ ናቸው። ያ ቅይጥ ጥንካሬውን ያገኘው በተለየ የማጋልና የማቀዝቀዝ ሥርዓት ነው፤ የብየዳ እሳት ከነካው ጥንካሬው ይጠፋል፣ ስፌቱም ሲበርድ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የ1930ዎቹ መሐንዲሶች ብየዳን በዚያ ስፍራ አላመኑትም። ሞተሩን አቅፎ ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው ማዕቀፍ ግን ከክሮሚየምና ሞሊብዲነም ቅይጥ የብረት ቱቦዎች በብየዳ የተሠራ ነው። ባለ 14 ሲሊንደሩና 1200 የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር በእያንዳንዱ ደቂቃ የሚያንቀጠቅጠው፣ አውሮፕላኑ ወጣ ገባ ሜዳ ላይ ባረፈ ቍጥር የሚናጠው ይህ የተበየደ ማዕቀፍ ነበር። እንግዲህ በአካባቢው ሰማይ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ሕይወቱን ለጥቂት የብየዳ ስፌቶች አደራ ሰጥቶ ነበር ማለት ነው።

እነዚህ ስፌቶች የጋዝ ብየዳ ልጆች ናቸው። ፈረንሳዊው ሌ ሻትሊየ አሴቲሊን ከኦክሲጂን ጋር ሲነድ እስከዚያ ጊዜ ያልታየ ሙቀት እንደሚሰጥ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። (ከዚህ በኋላ የውጭ አገር ታሪኮች በዚሁ አቈጣጠር ይጠቀሳሉ።) ወደ 3100 ዲግሪ የሚጠጋውን ነበልባል በእጅ ለመያዝ የሚያስችለው ችቦ ደግሞ በ1903 ገደማ በፉሼና በፒካር ተሠራ። የጋዝ ነበልባል ብረቱን ቀስ ብሎ ያግላል፤ ቀስ ብሎም እንዲበርድ ያደርጋል። ለክሮሚየም ሞሊብዲነም ቱቦ ይህ መዘግየት በረከት ነበር፤ በድንገት ሲበርድ የሚደድርና የሚሰበር ብረት ነውና።

አውሮፕላን ከሚጠገንበት ሥርዓት ውስጥ ለእኛ ታሪክ ትልቁ ነገር ግን ነበልባሉ ሳይሆን የመርማሪው መለየት ነው። በአቪየሽን ሕግ ወሳኝ ሥራ የሠራ ሰው የራሱን ሥራ መርምሮ አያጸድቅም፤ ሌላ ሥልጣን ያለው ሰው ያየዋል፤ ሁለቱም በመዝገብ ላይ ይፈርማሉ። ማዕቀፉም ከተወሰነ የበረራ ሰዓት በኋላ ባይሰበርም ይታጠባል፣ ቀለሙ ይነሣል፣ ይመረመራል። በመንደር ቀጥቃጭና በአየር መንገድ በያጅ መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ብልኀት አይደለም። አንዱ ሥራው ሲሰበር ይታወቅበታል፤ የሌላው ሥራ ሳይሰበር ይታወቃል።

ሳይሰብሩ የማየት ዘዴዎች አመጣጥ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። ከሁሉ የቀደመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባቡር ሠራተኞች የፈጠሩት የዘይትና የጠመኔ ዘዴ ነው። የባቡሩን ዘንግ በአሮጌ ዘይት ይነክሩታል፤ ከዚያ ጠርገው ነጭ ጠመኔ ይቀቡታል፤ በስንጥቁ ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ጠመኔው ሲሰርግ ስንጥቁ በጥቁር መሥመር ይገለጣል። ዛሬ በቀይና በነጭ ጣሳ የሚሸጠው የሰርጎ ገብ ቀለም ምርመራ የዚህ ዘዴ የልጅ ልጅ ነው፤ ሮበርት ስዊትዘር በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፈሳሹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲያበራ በማድረግ ወደ ዘመናዊ መልኩ አደረሰው። የማግኔት ምርመራ ደግሞ በ1920ዎቹ ዊልያም ሆክ የተባለ አሜሪካዊ፣ በማግኔት ተይዘው በሚሞረዱ ብረቶች ላይ የብረት ብናኙ በስንጥቆቹ መሥመር እንደሚሰበሰብ ከማስተዋሉ የተገኘ ነው። ሩንትገን በ1895 ያገኘው ራጅ ከሐኪም ቤት ወደ ብረት ፋብሪካ ለመግባት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። የድምፅ ሞገድን ወደ ብረት ልኮ ማሚቶውን የሚያነበውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ ፍሎይድ ፋየርስቶን ያስመዘገበው በ1940 ነው። ይህ የመጨረሻው በመሠረቱ የቀጥቃጩ ጆሮ ነው፤ ሰው ሊሰማው ከሚችለው ድምፅ በላይ በሆነ ድምፅ የሚያዳምጥ ጆሮ።

ከአየር ማረፊያው ወጥቶ ወደ ከተማው ለሚገባ ሰው የሚያጋጥመው ብየዳ የተለየ ነው። የበርና የመስኮት ፍሬም፣ የጣሪያ ብረት፣ የውሃ ታንከር፣ የወፍጮ ማቀፊያ፣ የተሰበረ የመኪና ሻንሲ ሁሉ የሚሠራው በኤሌክትሪክ አርክ ነው፤ ወደ ጋዝ የሚኬደው ለቀጭን ላሜራና ለመቍረጥ ነው። ቃላቱ የእጅ ሙያው በየት በኩል እንደ መጣ ይናገራሉ። ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ፌሮ፣ ባሌስትራ ከጣሊያን፣ ጋራዥ ከፈረንሳይ ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ብየዳ የሚለው ስም ግን የራሳችን ነው፤ አንጥረኛው የብር መስቀልና ጌጥ ሲያጋጥም ይጠራበት የነበረው ቃል ለአዲሱ እሳት ተሰጠ።

የኤሌክትሪክ አርክን ለብየዳ ያዋለው ኒኮላይ ቤናርዶስ በ1881 በካርቦን ዘንግ ጀመረ፤ ኒኮላይ ስላቭያኖቭ በ1888 ካርቦኑን በብረት ዘንግ ተካው፤ ዘንጉ ራሱ እየቀለጠ ስፌት ሆነ። የእነዚህ ስፌቶች ችግር ቀልጦ ያለው ብረት ከአየር ኦክሲጂንና ናይትሮጂን እየጠጣ ተሰባሪ መሆኑ ነበር። ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ዘንጉን በማዕድን ቅባት ሸፈነው፤ ሽፋኑ ሲነድ ጋዝና አር ፈጥሮ ስፌቱን ከአየር ይጋርዳል። ዛሬ በቱምም ሆነ በቴፒ በያጅ እጅ የሚገኘው ኤሌክትሮድ በመሠረቱ ይኸው ነው።

ዓለም ይህን አዲስ ስፌት ከሚገባው በላይ ፈጥኖ አመነው። መጋቢት 14 ቀን 1938 በቤልጅየም በአልበርት ቦይ ላይ የተሠራው የሐሰልት ድልድይ፣ ሙሉ በሙሉ በብየዳ የተሠራና ገና የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለው፣ በብርድ ማለዳ ተሰንጥቆ ወደ ውሃው ወደቀ። ጥር 16 ቀን 1943 ደግሞ በአሜሪካ ፖርትላንድ ስኬነክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከወደብ ሳትነቃነቅ፣ ማዕበል በሌለበት ውሃ ላይ ለሁለት ተሰበረች። በዚያው ጦርነት በችኰላ ከተሠሩት 2710 ሊበርቲ መርከቦች መካከል ብዙዎቹ ተሰነጠቁ፣ ጥቂቶቹም ተቈረጡ። መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ ሁሉ የተጣለው በበያጆች ላይ ነበር። ምርምሩ ሲቀጥል ግን ጥፋቱ የብዙዎች ሆኖ ተገኘ። ላሜራው በብርድ ጊዜ እንደ መስተዋት የሚሰበር ዓይነት ነበር፤ የመርከቡ ክፍቶች ማዕዘናቸው ስለታም ስለ ነበረ ጭነትን በአንድ ነጥብ ያከማቹ ነበር፤ ከሁሉም በላይ በሪቬት በተሠራ መርከብ ስንጥቅ የላሜራው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ በተበየደው ግን ሳይቆም ዙሪያውን ይሄዳል። ብየዳ ሁለት ብረት አንድ ያደርጋል ስንል ስንጥቁንም የጋራ ያደርገዋል ማለታችን ነው። በያጁን ብቻ የሚወቅስ ምርመራ ምርመራ አለመሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለሙያችን ሊነገር የሚገባው የአሌክሳንደር ሺላን ነገር ነው። ይህ በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል ለነዳጅ ሠራተኞች መኖሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረ ተንሳፋፊ መድረክ መጋቢት 27 ቀን 1980 በማዕበል ተገለበጠ፤ በላዩ ከነበሩት 212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። አጣሪዎቹ የጥፋቱን መነሻ ያገኙት ዋናውን ሸክም ከሚሸከሙት ትላልቅ ስፌቶች ውስጥ አልነበረም። የባሕር ድምፅ ማዳመጫ መሣሪያ ለማቀፍ በአንድ ማሰሪያ ቱቦ ላይ ከተበየደች ትንሽ መያዣ ነበር፤ የማዕዘን ስፌቷ ውፍረት 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መያዣዋ ጭነት የማትሸከም ስለ ሆነች እንደ ጌጥ ታይታ፣ እንደ ዋናዎቹ ስፌቶች በጥንቃቄ አልተመረመረችም። በተሰበረው ገጽ ላይ ግን ቀለም ተገኘ። ቀለም ወደ ስንጥቅ ውስጥ ሊገባ የሚችለው ስንጥቁ ከቀለሙ በፊት ከኖረ ብቻ ነው። እንግዲህ ስፌቷ መድረኩ በፈረንሳይ ከተሠራበት ቦታ ከመውጣቱ በፊት ተሰንጥቃ ነበር፤ ሰው ቀለም ቀባት፣ ስንጥቁም በማዕበል ምት እየተገፋ በዓመታት ውስጥ ወደ ዋናው ቱቦ ተዛመተ። ብየዳን አጽድቶ ከማየት በፊት ቀለም የመቀባት ልማድ በአገራችን ጋራዦች ምን ያህል እንደ ተለመደ ለባልደረቦቼ መንገር አያሻኝም።

ደረጃዎች የተወለዱት ከእንዲህ ያለ ሬሳ ላይ ነው። በ1905 በማሳቹሴትስ ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ገንዳ ፈንድቶ 58 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያውን የገንዳ ደንብ አዘጋጅቶ በ1915 አሳተመ። በዚያ ደንብ ዘንድ ብየዳ ለዋና የግፊት ስፌት የታመነው በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ ያውም በራጅ እንዲታይ ግዴታ ተጥሎበት ነው። ይህን የሠራው የመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን እንደ እኛ ያለ የሙያ ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል። የአሜሪካ ብየዳ ማኅበር በ1919 ተመሠረተ፤ የብረት ሕንፃ ደንቡ ዲ 1.1 ዛሬ በእኛም አገር በብዙ ውል ውስጥ ይጠቀሳል። ከዓለም አቀፉ ድርጅት ደረጃዎች መካከል በያጅን መፈተኛው 9606፣ የስፌት ጕድለትን መመዘኛው 5817 ነው።

የእነዚህ ደረጃዎች ፍሬ ነገር በአጭሩ ሦስት ነው፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ተጽፎ በሙከራ ይረጋገጥ፤ የሚሠራው ሰው በዚያው ዘዴ ይፈተን፤ የተሠራው በሌላ ሰው ይመርመር። ስለ ፈተናው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ9606 መሠረት የምስክር ወረቀት ለሁልጊዜ አይሰጥም፤ በያጁ በዚያ ዘዴ መሥራቱን መቀጠሉ በየ6 ወሩ ይረጋገጣል፤ ወረቀቱም ለተወሰነው ዘዴ፣ የስፌት አቋምና ውፍረት ብቻ ያገለግላል። ጠፍጣፋ ላይ የበየደ ሰው ከራሱ በላይ ሽቅብ መበየድ ይችላል ተብሎ አይገመትም። በአገራችን የደረጃ ሥራ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ደረጃ ማውጣት፣ ተስማሚነትን መመዘን፣ ሥነ ልክና አክሬዲቴሽን ለአራት ልዩ ልዩ ተቋማት ተከፈሉ። ወረቀቱ እንግዲህ አለ። የጎደለው ወረቀቱ ሚዛን ተፈሪን አልፎ የሚሄድበት መንገድ ነው።

ይህ ክፍተት በአንድ ወንዝ ላይ ይታያል። የቱም ሰው ቍልቍል በሚያየው በኦሞ ላይ፣ ወደ ላይኛው ተፋሰስ፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1870 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። እንዲህ ባለው ግድብ ውሃውን ወደ ተርባይን የሚያወርደው የብረት ቱቦ ስፌት በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ ሳይታይ ውሃ አይለቀቅበትም፤ ደንቡ ይህ ነው። በዚያው ወንዝ ግራና ቀኝ ባሉ ከተሞች ግን ሰው በሥሩ የሚቀመጥበት የአዳራሽ ጣሪያና ልጆች በሥሩ የሚቀዱበት የውሃ ታንከር ማማ ከበያጁ ዐይን በቀር ሌላ ዐይን ሳያየው ይቆማል።

የቦታው ጠባይ ደግሞ ስፌቱን የሚፈታተንባቸው መንገዶች አሉት። አንደኛው ዝናም ነው። የቡናው አገር ከኢትዮጵያ ዝናም እጅግ ከሚበዛባቸው ምድሮች አንዱ ነው፤ የኤሌክትሮድ ሽፋን ደግሞ እንደ ጨው እርጥበት ይጠጣል። ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጂን ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል፤ ስፌቱ ከበረደ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜ እስከ 48 ሰዓት ዘግይቶ፣ ብረቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ደንበኛው ዕቃውን ወስዶ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። ኢ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ የተሠራው ይህን ሃይድሮጂን ለመቀነስ ነው፤ ሆኖም ከፓኬቱ ወጥቶ በአየር ላይ ከ4 ሰዓት በላይ የቈየ እንደ ሆነ ዲ 1.1 ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢያንስ ለ2 ሰዓት እንዲደርቅ ያዝዛል። በቡናው አገር ማድረቂያ ምድጃ ሳይኖረው 7018 ገዝቶ በክፍት ፓኬት የሚያስቀምጥ ጋራዥ ገንዘቡን ለስሙ ብቻ ከፍሏል። ለተራ ብረት ኢ 6013 ን በደረቅ ቦታ ጠብቆ መሥራት ይሻለዋል። በምድጃ አጠገብ የቡና ከረጢት የሚያደርቅ ሰው ለኤሌክትሮዱም ቦታ አያጣም።

ሁለተኛው ባሌስትራ ነው። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ ለቀጥቃጭ የተወደደ ብረት ነው፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ ያህል ስለ ሆነ ቢላዋውም መጥረቢያውም ስለቱን ይይዛል። ለበያጅ ግን ወጥመድ ነው። የዓለም አቀፉ የብየዳ ተቋም ቀመር ካርቦኑን፣ ከማንጋኒዙ አንድ ስድስተኛውን፣ ከክሮሚየም፣ ከሞሊብዲነምና ከቫናዲየም ድምር አንድ አምስተኛውን፣ ከኒኬልና ከመዳብ ድምር አንድ አሥራ አምስተኛውን ይደምራል። ውጤቱ ከ0.45 ሲበልጥ ብረቱ አስቀድሞ ሳይሞቅ መበየድ የለበትም፤ ባሌስትራ ከ0.8 በላይ ይወጣል። በቀዝቃዛ ባሌስትራ ላይ የተበየደ መንጠቆ ወይም ማቀፊያ ከስፌቱ ጐን ባለው ደረቅ መሥመር እንደ ሸክላ ይሰበራል። ቀጥቃጩ አባትና በያጁ ልጅ እዚህ ላይ ቢመካከሩ ኖሮ ልጁ ይህን ብረት ከመቅረቡ በፊት ያውቀው ነበር፤ አባቱ ባሌስትራን ውሃ ውስጥ ሲነክረው እንደሚደድር ዕለት ዕለት ያያልና።

ሦስተኛው ንቅናቄ ነው። ከቴፒና ከበበቃ ሰፋፊ እርሻዎች እስከ ትናንሽ ጣቢያዎች ድረስ የእሸት ቡና መፈልፈያው በመከር ወራት ቀንና ሌሊት ይንቀጠቀጣል። በማያቋርጥ ንቅናቄ ሥር በስፌቱ ጠርዝ ያለች ትንሽ የመበላት ጐድጓዳ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። ደረጃ 5817 በላቀው ደረጃ ቢ የዚህች ጐድጓዳ ጥልቀት ከ0.5 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ የሚከለክለው፣ በዝቅተኛው ደረጃ ዲ እስከ 1 ሚሊሜትር የሚታገሠው ስለዚህ ነው። ለበር ፍሬም ዲ ይበቃል። ለመፈልፈያ ማቀፊያ አይበቃም።

የጋዙን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ካርባይድ ከውሃ ጋር ተገናኝቶ በአንድ ኪሎ ወደ 300 ሊትር የሚጠጋ አሴቲሊን ይሰጣል፤ አሴቲሊን ደግሞ ከአንድ ከባቢ አየር በላይ ግፊት ሲደርስበት ያለ ኦክሲጂን ራሱን በራሱ ሊያፈነዳ ይችላል። ከአሮጌ በርሜል የተሠራ፣ የነበልባል መመለሻ መከላከያ የሌለው ማመንጫ ስፌቱ ደኅና ቢሆንም በያጁን ይገድላል።

ራጅና አልትራሳውንድ ወደ ቱም እስኪደርሱ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም፤ አብዛኛው ጕድለት ርካሽ በሆነ ዘዴ ይታያልና። አሩን አራግፎ፣ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ ቀለም ሳይቀቡ በብርሃን ማየት ቀዳሚው ነው። ለውሃ ታንከር ከባቡር ሠራተኞቹ የተወረሰ ዘዴ አለ፤ ስፌቱን በውጭ በኩል በውሃ የተበጠበጠ ጠመኔ ቀብቶ ማድረቅ፣ በውስጥ በኩል ላምባ መቀባትና ጥቂት ሰዓት መጠበቅ። ላምባ ውሃ ከማያልፍበት ቀዳዳ ያልፋል፤ በነጩ ላይ ጠብታ የታየበት ቦታ ተፍቆ እንደ ገና ይበየዳል፤ ከመበየዱ በፊት ግን ላምባው ፈጽሞ መወገድ አለበት።

በያጅ ለመቅጠር ለሚፈልግ ደግሞ የመስበር ፈተና ይበቃዋል። ሁለት ቍራጭ ላሜራ አንዱን በሌላው ላይ አቁሞ በአንድ ጐን ብቻ ያስበይዳል፤ በበረደ ጊዜ በሞርሳ አስሮ የቆመውን ወደ ስፌቱ ወገን በመዶሻ እያጠፈ ይሰብረዋል። በተከፈተው ስፌት ላይ የማዕዘኑ ሥር ቀልጦ ከሁለቱ ብረቶች ጋር ከተዋሐደ፣ አርና የአረፋ ቀዳዳ ካልታየበት ሰውየው ይችላል። ሥሩ ላይ ላሜራው የተቈረጠበት ስለታም ጠርዝ ሳይቀልጥ እንደ ነበረ ከታየ፣ ስፌቱ ከላይ ተቀምጦ እንጂ ገብቶ አልነበረም። ፈተናው ሁለት ኤሌክትሮድና ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።